የአንድ ሰው ጉልበት የሚበቃው መገናኛ፦ ስለ ቀድሞው የኢንተርኔት ቻትና ስለ ትርፍ ጊዜ ፕሮግራመሮች

ስለ ቀድሞው የኢንተርኔት ቻት፣ ማለትም ሰዎች በኮምፒውተር እየጻፉ በዚያው ቅጽበት ስለሚመላለሱት ወግ፣ የሚነገረው ናፍቆት አብዛኛውን ጊዜ የሞደምን ጩኸት፣ በጥቁር ስክሪን ላይ የሚወርደውን ጽሑፍና ከማይታወቅ አገር ሰው ጋር እስኪነጋ የተደረገውን ጨዋታ ያነሣል። ሆኖም ይህ ናፍቆት የሚበረታው በማን ላይ እንደሆነ ልብ ላለ ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየዋል፤ በዚያ ዘመን ቻት ያደረገ ሁሉ ጊዜውን በትዝታ ቢያነሣውም፣ ዛሬም ድረስ በዚያው አሮጌ መሣሪያ የሚገለገሉት፣ አዳዲስ ፕሮግራም የሚጽፉለትና የተዘጉ ሰርቨሮችን የሚያስነሡት በትርፍ ጊዜያቸው ለገዛ ደስታቸው ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች ናቸው። የትርፍ ጊዜ ፕሮግራመር ሲባል የሙያ ደረጃው ዝቅ ያለ ለማለት አይደለም፤ ቀን በመሥሪያ ቤት የታዘዘውን ሲጽፍ ውሎ፣ ማታ ማንም ያላዘዘውንና ማንም የማይከፍልበትን ሥራ ከፍቶ የሚቀመጥ ባለሙያ ሊሆን ይችላል። ይህ ዲስኩር የሚያቀርበው ሐሳብ እነዚህ ሰዎች ከወጉ ይልቅ የሚናፍቁት የመሣሪያውን መጠን ነው የሚል ነው፤ መሣሪያው አንድ ሰው ከሥር እስከ ላይ ሊረዳውና ብቻውን ሊሠራው እስከሚችል ድረስ ትንሽ ነበረና። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቻት ዛሬ ከምናውቀው ኢንተርኔት በዕድሜ ይበልጣል። በ1973 በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ፣ ፕላቶ በተባለው የማስተማሪያ ኮምፒውተር ላይ፣ ዳግ ብራውንና ዴቪድ ዉሊ ቶኮማቲክ የተባለውን ፕሮግራም ሠርተው ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ እንዲጨዋወቱ አድርገው ነበር፤ በዚያ ፕሮግራም እያንዳንዱ ፊደል እንደተነካ ወዲያው ስለሚታይ፣ ሰው ሲሳሳትም፣ ሲያመነታም፣ የጻፈውን መልሶ ሲሰርዝም ባልንጀሮቹ ይመለከቱት ነበር። በ1978 ደግሞ ዋርድ ክሪስተንሰንና ራንዲ ሱስ፣ ቺካጎ በከባድ በረዶ በተያዘችበት ወቅት፣ በስልክ እየተደወለ የሚገባበትን የመጀመሪያውን የኮምፒውተር መልእክት ሰሌዳ አቆሙ። ሁለቱም ሥራዎች የጥቂት ሰዎች የእጅ ሥራዎች መሆናቸውን ከማስታወስ ባሻገር እዚህ ላይ መዘግየት አያስፈልግም።

ለጉዳዩ የተሻለው ምሳሌ በፊንላንድ፣ በኡሉ ዩኒቨርሲቲ፣ በነሐሴ 1988 የተወለደው አይአርሲ፣ ሲተነተን ኢንተርኔት ሪሌይ ቻት የሚባለው የወግ መሣሪያ ነው። ሠሪው ያርኮ ኦይካሪነን በዚያ በጋ በዩኒቨርሲቲው የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ትምህርት ክፍል ተቀጥሮ አንድ ሰርቨር ያስተዳድር ነበር፤ ሰርቨር የሚባለው ሌሎች ኮምፒውተሮች የሚጠይቁትን እየተቀበለ የሚያስተናግድ ማሽን ነው። ሥራው ቀኑን ሙሉ የሚያስይዝ ስላልነበረ በተረፈው ጊዜ ኡሉቦክስ የተባለውን የዩኒቨርሲቲውን የመልእክት ሰሌዳ ለማሻሻል ተነሣ፤ በዚያ ሰሌዳ ላይ በደንብ ያልሠራ አንድ የብዙ ሰው መጨዋወቻ ፕሮግራም ስለነበረ እርሱን የሚተካ ሌላ ጻፈ። ሐሳቡን ሙሉ በሙሉ ከባዶ አላመጣውም፤ ቢትኔት በተባለው የዩኒቨርሲቲዎች መረብ ላይ ሪሌይ የሚባል ቻት አስቀድሞ ስለነበረ ስሙንም ሆነ መንፈሱን ከዚያ ወርሷል። የመጀመሪያው ሰርቨር ቶልሰን ይባል ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ በሌሎች የፊንላንድ ከተሞች ያሉ ወዳጆቹ የራሳቸውን ሰርቨር ተክለው ከእርሱ ጋር አያያዙ፤ ቀጥሎም የዴንቨርና የኦሬጎን ስቴት ዩኒቨርሲቲዎች ሰዎች እንገናኝ ብለው ጻፉለት። በ1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ሲፈነዳ፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ ደግሞ በሞስኮ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር፣ በቦታው የነበሩ ሰዎች ያዩትን በአይአርሲ ይናገሩ ስለነበር መሣሪያው ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ውጭ ስሙ ተሰማ። የበላይ ኃላፊ ያላዘዘው፣ በጀት ያልተያዘለት፣ ከሥራ በተረፈ ሰዓት የተጻፈ ፕሮግራም በሦስት ዓመት ውስጥ እዚህ መድረሱ፣ ስለ ሠሪው ችሎታ ከሚናገረው የበለጠ ስለ ዲዛይኑ ቀላልነት ይናገራል።

ይህን ቀላልነት ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ፕሮቶኮል ማለት ሁለት ኮምፒውተሮች እንዲግባቡ አስቀድሞ የተወሰነ የንግግር ሥርዓት ነው፤ የአይአርሲ ፕሮቶኮል በግንቦት 1993 በኦይካሪነንና በዳረን ሪድ ተጽፎ ቁጥር 1459 በተሰጠው ሰነድ ለማንም በነፃ ታትሟል። በዚህ ሥርዓት የሚተላለፈው ነገር ሁሉ ሰው ሊያነበው የሚችል የጽሑፍ መስመር ነው፤ አንዱ መስመር መዝጊያውን ጨምሮ ከ512 ባይት ሊበልጥ አይችልም፤ ባይት የሚባለውም በእንግሊዝኛ ጽሑፍ አንድ ፊደል የሚይዘው ቦታ ነው። ወደ ሰርቨሩ የሚገባ ሰው አንድ መስመር ልኮ ቅጽል ስሙን፣ ሌላ መስመር ልኮ ማንነቱን ያስታውቃል፤ ሰርቨሩ እንኳን ደህና መጣህ ሲለው «ጆይን» ብሎ የፈለገውን ቻናል ይጠራል፤ ቻናል ማለት በመሰላል ምልክት (#) በሚጀምር ስም የሚታወቅ የወግ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ሁሉ በክፍሉ ላሉት ይደርሳል። ልዩ ፕሮግራም የሌለው ሰው እንኳን ቴልኔት በሚባለው ተራ መሣሪያ በቁጥር 6667 በር ገብቶ እነዚህን መስመሮች በእጁ እየጻፈ መጨዋወት ይችል ነበር።

ለጀማሪ ፕሮግራመር ከዚህ የተሻለ እጅ ማፍታቻ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በአንድ ማምሻ ተቀምጦ ወደ ሰርቨር የሚገባ፣ ቻናል የሚቀላቀልና አንድ ቃል ሲሰማ ሌላ ቃል የሚመልስ ፕሮግራም መጻፍ ይቻላል፤ እንዲህ ያለው በሰው ቦታ ተቀምጦ በራሱ የሚናገር ፕሮግራም ቦት ይባላል። የመጀመሪያው ቦት ግን ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይወድቃል። ምክንያቱም ሰርቨሩ በየጊዜው «ፒንግ» እያለ ተጠሪው በሕይወት መኖሩን ይጠይቃል፤ «ፖንግ» የሚል መልስ ካላገኘ መስመሩን ይቆርጠዋል፤ ጀማሪው ደግሞ የሰነዱን መጀመሪያ ብቻ አንብቦ ወደ ሥራው የሮጠ ነው። ይህን ሲያስተካክል ሌላ ችግር ይጠብቀዋል፤ ከኔትወርኩ የሚመጣው ጽሑፍ ሁልጊዜ በሙሉ መስመር ተቆርጦ አይደርስም፤ የአንዱ መስመር ግማሽ አሁን፣ ቀሪው ግማሽ ከቅጽበት በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ የመጣውን በጊዜያዊ ማከማቻ እያጠራቀሙ የመስመር መዝጊያው እስኪታይ መጠበቅ ያስፈልጋል። የኔትወርክ ፕሮግራሚንግ መማሪያዎች በብዙ ገጽ የሚያብራሩትን ይህን ጉዳይ የአይአርሲ ልጆች የተማሩት የጻፉት ቦት ሰው ፊት ሲንተባተብ እያዩ፣ በተሰብሳቢው ሳቅ መካከል ነው። እንዲህ ያለው ትምህርት አይረሳም።

ቦቱ መጫወቻ ብቻ አልነበረም። ቢል ዊዝነር የጻፈው ባርቴንደር በቻናሉ ላሉት የሌለ መጠጥ እየቀዳ የሚያስተናግድ፣ ግሬግ ሊንዳል የጻፈው ጂኤም ደግሞ የአደን ጨዋታ የሚያጫውት ነበር፤ ዋናው ሥራ ግን ጥበቃ ነበረ። በመጀመሪያው የአይአርሲ ሥርዓት ቻናል የማንም ርስት አይደለም፤ ቀድሞ የገባው ሰው የአስተዳዳሪነት ምልክት ያገኛል፤ ሁሉም ሲወጡ ክፍሉ እንዳልነበረ ይሆናል፤ በማግስቱ ቀድሞ የደረሰ ሌላ ሰው ደግሞ ባለቤት ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ ክፍሉን የሚጠብቅ አንድ ነገር መኖር ነበረበት። ሮቢ ፖይንተር በ1993 የጻፈው ኤግድሮፕ የተባለው ቦት ለዚህ ዓላማ ተሠርቶ ለብዙ ዓመታት በሺዎች በሚቆጠሩ ቻናሎች ዘብ ቆሟል፤ ባለቤቱም በራሱ መንገድ እንዲያሠለጥነው ትንንሽ ተጨማሪ ጽሑፎችን ስለሚቀበል፣ ፕሮግራም ጽፈው የማያውቁ ብዙ ወጣቶች የመጀመሪያውን መስመር የጻፉት ለእርሱ ነው።

የጥበቃው ነገር ከሌላ የአይአርሲ ባሕርይ ጋር ሲገናኝ ይበልጥ ይወሳሰብ ነበር። የአይአርሲ ሰርቨሮች እርስ በርሳቸው የሚያያዙት እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው በአንድ መንገድ ብቻ ስለሆነ፣ አንድ መስመር ሲቋረጥ መረቡ ለሁለት ይከፈላል፤ ይህም ኔትስፕሊት ይባላል። ያን ጊዜ ድልድዩ በጎርፍ እንደተወሰደበት ገበያ፣ ወዲህም ወዲያም ያሉት እያንዳንዳቸው ሌሎቹ ባንድ ጊዜ ጥለዋቸው የሄዱ ይመስላቸዋል፤ ወጉ ግን በሁለቱም በኩል ይቀጥላል። ጎርፉ ሲጎድል ሁለቱ ወገኖች ይገናኛሉ፤ ችግሩም ያኔ ይመጣል፤ በሁለቱ በኩል በአንድ ቅጽል ስም የተጠሩ ሁለት ሰዎች ካሉ ሰርቨሮቹ የማን ስም እንደሆነ የሚለዩበት መንገድ ስለሌላቸው ሁለቱንም ያስወጧቸዋል፤ በተገነጠለው በኩል ባዶ ቻናል አግኝቶ አስተዳዳሪ የሆነ ሰው ደግሞ መረቡ ሲጋጠም ሥልጣኑን ይዞ ይመለሳል። ተንኮለኞች ይህን እየጠበቁ የሌላ ሰው ቻናል ይነጥቁ ነበር፤ ተከላካዮቹም ለዚሁ የሚሆን ቦት ይጽፉ ነበር። ዛሬ ትልልቅ ኩባንያዎች የተከፋፈለ ዳታቤዝ ሲገነቡ የሚያስጨንቃቸው፣ ግንኙነት ሲቋረጥ የማን ቃል እንደሚጸና የመወሰን ጉዳይ፣ በመሠረቱ ይኸው ነው።

ይህ ሁሉ ሲነገር ዘመኑን ማሞካሸት ቀላል ነው፤ ማሞካሸቱ ግን ትክክል አይደለም። በመጀመሪያው አይአርሲ የሚጻፈው ቃል ሳይመሰጠር በግልጽ ይተላለፍ ነበር፤ የተጠቃሚው የኮምፒውተር አድራሻ ለፈለገ ሁሉ ስለሚታይ በወግ መካከል የተቀየመ ሰው የሌላውን የስልክ መስመር በጥቃት ያጨናንቅበት ነበር፤ ስድቡና ማስፈራራቱም ዛሬ ካለው የሚያንስ አልነበረም። ከሁሉም በላይ መግቢያው ለሁሉም የተከፈተ አልነበረም፤ በሩን ያለፉት በአብዛኛው በሀብታም አገር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያሉ ወይም ለስልክ የሚከፍሉ ሰዎች ነበሩ። በኢትዮጵያ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስ የተባለው ማዕከል በፊዶኔት አማካይነት ኢሜይል ያቀብል ነበር፤ ይህ መንገድ መልእክቶችን አጠራቅሞ በተወሰነ ሰዓት በስልክ ደውሎ የሚያስተላልፍ ስለሆነ ለቅጽበታዊ ወግ የሚሆን አልነበረም፤ የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን የኢንተርኔት አገልግሎት የከፈተው በ1997 ነው፤ አይአርሲ ያኔ ስምንት ዓመት አልፎት ነበር።

የፊደሉ ጉዳይ ደግሞ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። በ1459ኛው ሰነድ ውስጥ አንድ እንግዳ ሕግ ይገኛል፤ በቅጽል ስም ውስጥ ማዕዘናዊው ቅንፍና ጥምዝ ቅንፉ እንደ አንድ ፊደል ትልቅና ትንሽ መልክ ይቆጠራሉ ይላል። ምክንያቱ የሠሪዎቹ አገር ነው፤ በጊዜው በነበረው የፊንላንድና የስዊድን የኮምፒውተር ፊደል አሰጣጥ በእነዚህ ምልክቶች ቦታ ላይ የተቀመጡት የአገሩ ቋንቋ ተጨማሪ አናባቢዎች ነበሩ። የኡሉ ልጆች ስማቸውን በትክክል መጻፍ ስለፈለጉ በዓለም ያሉ ብዙ የአይአርሲ መረቦች እስከ ዛሬ ይህን ልማድ ተሸክመው ይዞራሉ። ለግእዝ ፊደል ግን በዚያ ሰነድ ውስጥ ቦታ አልነበረም። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ሴራ የተባለውን፣ ፊደሉን በላቲን ምልክቶች የመወከያ ሥርዓት አዘጋጅተው ነበር፤ በዚያ ሥርዓት ተ እና ጠ የሚለዩት አንዱ በትንሹ፣ ሌላው በትልቁ የላቲን ፊደል በመጻፉ ነው። አይአርሲ ግን በቅጽል ስም ውስጥ ትልቁንና ትንሹን ፊደል ለይቶ ስለማያውቅ በተ እና በጠ ብቻ የሚለያዩ ሁለት ስሞች ለእርሱ አንድ ናቸው። የፊንላንድ አናባቢ የዓለም ሕግ ሲሆን የአማርኛው ጠ የጠፋበት መሣሪያ መሆኑን የናፍቆት ጽሑፎች አያነሡም፤ ቢያነሡት መልካም ነበር።

የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማለትም የዓለምን ፊደላት ሁሉ በአንድ መዝገብ በቁጥር በሚያሰፍረው ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ ወዲህ በአይአርሲ አማርኛ መጻፍ ተችሏል፤ ሆኖም ዛሬ በተለመደው አቀማመጥ አንዱ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚወስድ «ሰላም» ዘጠኝ ባይት ይይዛል፤ በላቲን ሲጻፍ ግን አምስት ይበቃዋል። ከ512ቱ ባይት ሁለቱ ለመስመር መዝጊያ ሲቀነሱ የቀረው 510 ቢበዛ 170 የግእዝ ፊደል ይይዛል፤ ከዚህም ላይ የላኪው ስም፣ ትእዛዙና የቻናሉ ስም የሚወስዱት ይነሣል። ሰርቨሩ የሚቆርጠው በባይት እንጂ በፊደል ስላልሆነ ረዘም ያለ የአማርኛ መስመር በፊደል መካከል ተሰብሮ መጨረሻው ላይ የማይነበብ ምልክት ይቀራል። መስመሩን በፊደል ድንበር፣ ቢቻልም በቃል ድንበር ላይ ቆርጦ በሁለት የሚልክ ትንሽ ፕሮግራም መጻፍ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ማንም ኩባንያ የማይሠራው፣ ለአማርኛ ተናጋሪ የትርፍ ጊዜ ፕሮግራመር ግን በልኩ የተሰፋ ሥራ ነው።

ከአይአርሲ በኋላ የመጡት መገናኛዎች ብዙ ሕዝብ ሰበሰቡ፤ በሩን ግን ዘጉት። በ1996 ሚራቢሊስ በተባለው የእስራኤል ኩባንያ የወጣው አይሲኪው፣ በ1997 የአሜሪካው ኤኦኤል ያወጣው ኤይም፣ ያሁ ሜሴንጀርና ኤምኤስኤን ሜሴንጀር እያንዳንዳቸው የራሳቸው የግል ፕሮቶኮል ነበራቸው። ማይክሮሶፍት በ1999 ኤምኤስኤን ሜሴንጀርን ሲያወጣ ከኤኦኤል ተጠቃሚዎች ጋር እንዲነጋገር አድርጎ ስለነበረ፣ ኤኦኤል መንገዱን ሲዘጋ ማይክሮሶፍት ሌላ ሲከፍት ወራት አለፉ። የትርፍ ጊዜ ፕሮግራመሮች በዚህ ጊዜ ሥራቸው ተለወጠ፤ የተሟላ የታተመ ሰነድ አብዛኛውን ጊዜ ስለማይገኝ በመስመሩ የሚያልፈውን ባይት እየሰለሉ ትርጉሙን በግምት መፍታት ነበረባቸው። ማርክ ስፔንሰር የተባለው አሜሪካዊ ተማሪ በ1998 የጀመረው ጌም የተባለ ፕሮግራም ብዙዎቹን መገናኛዎች በአንድ መስኮት አሰባስቦ ነበር፤ በኤኦኤል የንግድ ምልክት ክርክር ምክንያት በ2007 ስሙ ፒጅን ሆነ። የመገናኛዎቹ ባለቤቶች ሲሰለቻቸው ግን ሁሉም ተዘጉ፤ ኤይም በታኅሣሥ 2017፣ ያሁ ሜሴንጀር በሐምሌ 2018፣ አይሲኪው በሰኔ 2024። ከእነርሱ ጋር የወዳጆች ዝርዝሮችም አብረው ጠፉ።

ዛሬ ኤስካርጎ የተባለውን የመሰለ፣ የድሮውን የኤምኤስኤን ሜሴንጀር ፕሮግራም የሚያናግር ምትክ ሰርቨር በነፃ የሚያንቀሳቅሱ ሰዎች አሉ። ሥራው የሚደነቅ የመፍታት ችሎታ የሚጠይቅ ቢሆንም ከሙዚየም ሥራ ብዙም አይርቅም፤ ሰዎቹ የሚመለሱበት መስኮት አለ፣ የሚያናግሩት ሰው ግን ከሌሎች ናፋቂዎች በቀር የለም። የአይአርሲው ወገን ሥራ ከዚህ ይለያል፤ መሣሪያው ስላልሞተ የሚታከልበት ነገር ሁሉ ዛሬውኑ አገልግሎት ላይ ይውላል። ፊንላንዳዊው ቲሞ ሲራይነን በ1999 ኢርሲ የተባለውን በጽሑፍ ብቻ የሚሠራ የቻት ፕሮግራም አወጣ፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶ የጻፈው ዶቭኮት ደግሞ በዓለም ላይ እጅግ ከተስፋፉት የኢሜይል ሰርቨሮች አንዱ ሆነ። የቪዲዮ ጨዋታ የሚተላለፍበት ትዊች ለተመልካቾቹ ወግ የተጠቀመው ይህንኑ ፕሮቶኮል ነው፤ በየመሥሪያ ቤቱ የተለመደው ስላክም የተወለደው አንድ የጨዋታ ኩባንያ በአይአርሲ ላይ እየቀጠለ ለራሱ ከሠራው መሣሪያ ነው፤ ከአይአርሲ ጋር የሚያገናኘውን በር ግን በ2018 ዘግቶታል።

በግንቦት 2021 የሆነው ነገር የአይአርሲ መጠን ትንሽ የመሆኑን ጥቅም በተግባር አሳይቷል። የነፃ ሶፍትዌር ሠሪዎች ለብዙ ዓመታት የተሰበሰቡበት ፍሪኖድ የተባለው የአይአርሲ መረብ በባለቤትነት ክርክር ሲታመስ፣ በነፃ የሚያገለግሉት አስተዳዳሪዎቹ በጅምላ ሥራቸውን ለቀው ሊቤራ ቻት የተባለ አዲስ መረብ አቆሙ። ኡቡንቱና ዊኪሚዲያን የመሳሰሉ ትልልቅ ማኅበረሰቦች በሳምንታት ውስጥ ተከትለዋቸው ሄዱ፤ ቻናሎቻቸውንም በዚያው በቀድሞ ስማቸው ከፈቱ። ማንም ሰው አዲስ ፕሮግራም መጫን አላስፈለገውም፤ ተጠቃሚው የለወጠው በፕሮግራሙ ማስተካከያ ውስጥ ያለውን የሰርቨር አድራሻ ነው፤ ቅጽል ስሙን በአዲሱ ቦታ እንደገና ካስመዘገበ በኋላ ከዚያው ሰው ጋር ያቋረጠውን ወግ ቀጠለ፤ ዓመታት ያስቆጠሩት ቦቶችም አንድ መስመር ተስተካክሎላቸው ወደ ዘብ ሥራቸው ተመለሱ።